እርግጫው የቆመ ዕለት

ልብን ሊቀሰቅስ የገባ ሽቦ ሆድን መቀስቀስ የለበትም። የልብ ሐኪሟ አዜብ ሥራዋን የምትጀምረው ሁልጊዜ ከዚህ ነው። በልብ ግራ ጎን፣ ሽቦው ከሚገባበት የደም ሥር እጅግ ቀረብ ብሎ፣ ትንፋሽ የሚስበውን ሰፊ ጡንቻ የሚያዝ ነርቭ ቁልቁል ይወርዳል። የሽቦው ጫፍ ወደ ነርቩ ከተጠጋ፣ ልብ በመታ ቁጥር ከጎድን አጥንት ሥር ያለው ሥጋ አብሮ ይራገጣል። ስለዚህ የሽቦው ቦታ ሲፈተሽ ኃይሉ ሆን ተብሎ ከፍ ይደረጋል። በሽተኛው በጀርባው፣ በግራ ጎኑ፣ ከዚያም ተቀምጦ ይታያል፤ ሐኪሙ መዳፉን ጎድኑ ሥር አሳርፎ ይጠብቃል። ይጠይቃልም።

ኦቦ ዋቅወያ የተፈተሹት ኅዳር ውስጥ፣ ነቀምቴ ነው። አንገር ጉቲን በመንግሥት እርሻው ዘመን ትራክተር ሲነዱ የኖሩ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ጎርናና ሰው ናቸው። ልባቸው ሰፍቶና ላልቶ ከበራቸው እስከ አጥራቸው መራመድ አቅቷቸው ነበር። ከላይኛው የልባቸው ክፍል የሚነሣው ትእዛዝም ወደ ታች መድረሱን ካቆመ ቆይቷል። አዲስ አበባ ተወስደው ከግራ የአንገት አጥንታቸው በታች፣ ከቆዳቸው ሥር፣ ትንሽ ባትሪ ተቀበረላቸው። ከባትሪዋ ሁለት ሽቦዎች ይወጣሉ፤ አንዱ ወደ ቀኙ የልብ ክፍል ይገባል፣ ሌላው በደም ሥር ዞሮ ግራው ጎን ላይ ያርፋል። የግራው ጫፍ ላይ አራት የብረት ነጥቦች አሉ። ኦቦ ዋቅወያ የገቡበት ጥናት ጥያቄ ሲነገር ቀላል ነው፤ ልባቸው እንዲህ በደከመ ሰዎች ላይ ከአራቱ የትኛው ነጥብ ቢመታ ልብ የበለጠ ይታገዛል?

«ሦስተኛው!» አለ ዶክተር ኢዮስያስ። ሽቦውን ያስገባው እሱ ነው፤ ለፍተሻው ከአዲስ አበባ መፈተሻ ማሽኑን ተሸክሞ መጥቷል። «አዜቤ፣ እይው እስቲ። ሁለቱ ጎኖች እኩል ሲጨበጡ! ይህን ያህል ያማረ ውጤት ከሌላ ሰው አላገኘሁም።»

«ኃይሉን ከፍ አድርገን እንየው» አለች አዜብ።

በጀርባቸው ተኝተው ሳለ ምንም አልነበረም። በግራ ጎናቸው ሲያዞሯቸው ግን ትንፋሽ አጠራቸው፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸዋጌጥ ከአልጋው ራስጌ ተነሡ።

«ኧረ ባካችሁ! በዚያ ጎኑ አይተኛም፣ ይታፈናል አልኳችሁ እኮ!»

የአዜብ መዳፍ ጎድናቸው ሥር ያረፈው ለአፍታ ነበር። በዚያች አፍታ አንድ ነገር፣ ጭቃ ውስጥ ያለ ዓሣ ጅራቱን እንደሚያወናጭፍ፣ ከእጇ ሥር ሽው ያለ መሰላት። ትንፋሽም ሊሆን ይችላል። ኦቦ ዋቅወያ ወዲያው ቀና ብለው ተቀመጡ።

«ኦቦ ዋቅወያ፣ እዚህ ጋ የሚዘል፣ የሚራገጥ ነገር ተሰማዎት?»

«ፈያ ነኝ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ገለታ ዋቀዮ፣ ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» ላባቸውን በባርኔጣቸው ጠረጉ። «ትራክተር ብሆን እኮ ይኼኔ ገፍታችሁ አስነሥታችሁኝ ነበር።»

ኢዮስያስ ሳቀ። «ሰውየው ደህና ነኝ ካሉ ደህና ናቸው። ሌሎች ሁለት ሰዎች ውጭ እየጠበቁን ነው።»

አዜብ እጇን ከፍ አድርጋ አየችው፤ እጇ ግን የሚናገረው ነገር አልነበረም። ሦስተኛው ነጥብ ተመረጠ። ኦቦ ዋቅወያ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ አንገር ጉቲን ተመለሱ።

የጥምቀት ሰሞን አልፎ ለቀጠሯቸው ሲመጡ በእግራቸው ነበር የገቡት። ከኋላቸው ወይዘሮ ሸዋጌጥ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ አዜብ የማታውቃቸው፣ ነጠላ ጫማ ያደረጉ ደልዳላ ሽማግሌ ተከተሉ።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ዋቅወያ!»

«ፈያ፣ ፈያ! አንቺስ? እናትሽስ? ሥራውስ?» ቀኝ እጃቸውን ዘረጉላት። ፊታቸው በራ ብሏል። «ዛሬ የምሥራች ይዤልሽ ነው የመጣሁት። እርግጫው ቆመ!»

አዜብ እጃቸውን እንደያዘች ቀረች። «የምን እርግጫ?»

«የሆዴ ነዋ። ያ ወደ ግራ ጎኔ ዞር ስል እንደ ጥጃ የሚራገጠው።»

«መቼ ነው የጀመረዎት?»

ወይዘሮ ሸዋጌጥ መለሱ። «ከመጀመሪያውም ነበር። እዚሁ አልጋ ላይ እያለ ነበር። ቤት ሲገባማ ብሶበት፣ ሌሊት አልጋው አብሮ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ! እኔ እንኳ አንድ ቀን እጄን ባሳርፍበት ደንግጬ ጮህኩ። አሁን ግን ተመስገን፣ ባቻ ገላገለን።» ወደ ሽማግሌው በአገጫቸው አመለከቱ። «የሰፈራችን ወጌሻ ነው። የእሱ እጅ የነካው አጥንት አንድም ተጣሞ አያውቅ።»

ኦቦ ባቻ በትህትና ጎንበስ አሉ፤ ኩራታቸውን ግን መደበቅ አልቻሉም። «ጅማት ነው ዶክተር። ጅማቱ ከቦታው ተነሥቶ ነበር። ሥሩን ስከተለው እዚህ ትከሻው ሥር አገኘሁት፣ ያቺ ያስገባችሁለት ብረት አጠገብ ተቋጥሮ። በቅቤ እያሸሁ፣ እያዞርኩ አፍታታሁት። ስንት ቀን ተመላልሼ ነው እሺ ያለኝ! እናንተ በቢላዋ ያቃታችሁን እኔ በቅቤ!» ሳቁ፤ ኦቦ ዋቅወያም አብረዋቸው ሳቁ።

አዜብ አልሳቀችም። የኦቦ ዋቅወያን እግር እያየች ነበር። የጫማቸው ማሰሪያ እስከ መጨረሻው ላልቷል፤ ቁርጭምጭሚታቸው በጫማው አፍ ላይ እንደ ሊጥ ፈስሷል። ከዚያ ዓይኗ ወደ ግራ እጃቸው ሄደ። ባርኔጣቸውን በጣታቸው ጫፍ ይዘው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠውታል። የባርኔጣው ጠርዝ ብድግ ይላል፣ ይወርዳል። ብድግ ይላል፣ ይወርዳል። አይፈጥንም፣ አይዘገይም፣ ጨዋታቸው ሲሞቅም አይለወጥም።

«እጅዎ…» አለች።

«አ! እሱማ ደህና ነው» አሉ ኦቦ ዋቅወያ። «ሆዴ ካረፈ ወዲህ ኃይሉ ወደ እጄ መጣ። ባቻ የደም መመለስ ነው ይላል።»

አዜብ ቀኝ እጃቸውን አዙራ የደም ሥራቸውን በጣቷ ያዘች። ዓይኗን ባርኔጣው ላይ ተከለች። የደም ሥሩ መታ፤ ባርኔጣው ተነሣ። የደም ሥሩ መታ፤ ባርኔጣው ተነሣ። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

ያን ጊዜ ገባት። እርግጫው አልቆመም። ሽቦው ከልብ ወጥቶ እየተጎተተ ወደ ላይ ሄዷል፤ አሁን ጫፉ ትከሻቸው ሥር፣ ክንድን የሚያዘው ነርቭ አጠገብ ነው። ባትሪዋ ለልብ የምትልከውን ምት እጃቸው እየተቀበለላት ነው።

«ኦቦ ዋቅወያ፣ ግራ ክንድዎን አያንቀሳቅሱ። ባሉበት ይቀመጡ» አለች። ድምፅዋን ለማለዘብ ብትሞክርም ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሳቅ በአንድ ጊዜ ጠፋ።

ራጁ የገመተችውን አሳየ፤ የባሰም ጨመረበት። ባትሪዋ በእሽታው ከቆዳ ሥር ደጋግማ ተገላብጣለች፤ ሁለቱም ሽቦዎች እንደ ክር ተጠንጥነውባታል። የግራው ከነጭራሹ ወጥቷል። የቀኙ ጫፉ ገና ልብ ውስጥ ነው፤ ነገር ግን ሲገባ ተትቶለት የነበረው እጥፋት አልቋል፣ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሯል። ባትሪዋ አንዴ እንኳ ደግማ ብትገለበጥ ተነቅሎ የሚመጣው እሱ ነው።

የግራውን ሽቦ በማሽኑ አጠፋችው። ባርኔጣው ጸጥ አለ። ኦቦ ዋቅወያ እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ አገላብጠው አዩት።

አንድ ነገር ማወቅ ነበረባት። የቀኙን ምት ቀስ በቀስ ዝቅ አድርጋ፣ ልባቸው በራሱ ይነሣ እንደሆነ ለማየት ጠበቀች። በማሽኑ መስተዋት ላይ የልባቸው ምት ይሥለው የነበረው ተራራና ሸለቆ ረዥም ሜዳ ሆነ። ሜዳው ቀጠለ።

«ክፍሉ ጨለመ» አሉ ኦቦ ዋቅወያ በዝግታ።

ፈጥና መለሰችው። ተራራዎቹ እንደገና ተነሡ። ከዚያ ሽቦ በስተቀር ልባቸውን የሚያንቀሳቅስ ምንም ነገር አልነበረም።

ከኮሪደሩ ጥግ ሆና ለኢዮስያስ ደወለች። እስክትጨርስ ድረስ ሰማት።

«ክንዱን ከደረቱ ጋር እሰሪው። የቀኙን ሽቦ ኃይል እስከ መጨረሻው ክፈቺው። ከውጭ የሚመታውን ማሽን ከነልጣፉ ደረቱ ላይ አድርጊለትና አሁኑኑ ወደ አዲስ አበባ ተነሡ፤ ሽቦ የሚመልስ ክፍል እዚያ የላችሁም። እኔ እዚህ ቡድኑን አዘጋጃለሁ።»

«ነገ ማለዳ ብንነሣ…»

«እስከ ነገ በምን እርግጠኛ ነሽ?»

«መንገዱስ? ከመሸ እኮ በዚህ በኩል ማንም አይነዳም።»

«ለዚህ ነው አሁኑኑ ያልኩሽ። ኅዳር ላይ ጠይቀሽው ነበር አይደል? እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። ደህና ነኝ አለ።»

«ብሏል» አለች አዜብ።

ስትዞር ወይዘሮ ሸዋጌጥ ከኋላዋ ቆመዋል። ሁሉንም ባይሰሙ እንኳ ፊቷ በቅቷቸዋል።

«ለምን አልነገራችሁኝም፣ እትዬ? ጠየቅኋቸው እኮ።»

«አንዴ ነዋ የጠየቅሽው» አሉ ወይዘሮ ሸዋጌጥ፤ ተቆጥተው ሳይሆን ግራ ገብቷቸው። «ሰው ገና ከመጠየቁ አመመኝ ይላል? አንቺ እዚህ አይደለም ያደግሽው? ደህና ይባላል፣ ስለ ልጅ ይጠየቃል፣ ስለ ከብት ይጠየቃል፣ ከዚያ ደግሞ ጠያቂው ይመለስበታል። ያን ጊዜ ነው ሰው ጉዳቱን የሚያወጣ። ባቻ እኮ ቡናውን እስኪጨርስ ሦስቴ ነው የተመላለሰበት። እናንተ ደህና ነኝ ሲላችሁ ተነሥታችሁ ሄዳችሁ።»

የአዜብ እናት ቡርቃ ጃቶ ባለው ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ከአንገር የመጣ ገበያተኛ ሲቀበሉ፣ ሰላምታው ከመርዘሙ የተነሣ እሷ በልጅነቷ ሚዛኑ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ይዟት ይሄድ ነበር። ያኔ የመጀመሪያውን መልስ ማንም እንደ መልስ አይቆጥረውም። ይህን ታውቅ ነበር። የፍተሻው ሥርዓት ግን አንዴ ጠይቅ ይላል፤ እሷም ነጭ ጋዋኗን ለብሳ አንዴ ጠየቀች።

ኦቦ ባቻ አምቡላንሱ ድረስ ተከተሏቸው። ቅቤ የለመዱ ሰፋፊ እጆቻቸውን ወዴት እንደሚያደርጓቸው ጠፍቷቸው ከኋላቸው አቆላልፈዋቸዋል። «ዶክተር፣ እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

«የነገሩዎትን ሰምተው ነው የሠሩት» አለች። ከዚህ የሚሻል ነገር አልመጣላትም።

አሽከርካሪው ጉደታ ጉድጓዶቹን በስማቸው የሚያውቅ የሚመስል ሰው ነበር። ጉቴን ካለፉ ወዲህ አዜብ ዓይኗን ከማሽኑ መስተዋት አላነሣችም። ኦቦ ዋቅወያ በግማሽ ጎናቸው ተደግፈው፣ ግራ ክንዳቸው በፋሻ ከደረታቸው ጋር ተጠፍሮ፣ ደረታቸውና ጀርባቸው ላይ የማሽኑ ልጣፎች ተለጥፈው ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ሸዋጌጥ እግራቸው ሥር ናቸው።

«ጉደታ!» አሉ ኦቦ ዋቅወያ። «ማርሹን አታሰቃየው። ያለቅሳል።»

«እርስዎ ይተኙ አባባ፣ እኔ ልንዳው።»

«የምተኛ መስሎህ ነው? ክላቹን እንዲህ እየረገጥክብኝ?»

ስሬን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ኬላ አገኙ። ከፊታቸው ያለ ሚኒባስ ተሳፋሪዎቹን አራግፏል፤ ሰዎቹ በመንገዱ ዳር ተሰልፈው፣ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው እየተፈተሹ ነው። ጉደታ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ በሽተኛ እንደያዘ ተናገረ። ጠባቂው ወጣት ነው፣ ፊቱም ክፉ አይደለም። «እሺ፣ አንዴ ልይና ታልፋላችሁ» ብሎ ወደ ኋላ ዞረ።

አዜብ የሚመጣውን ያየችው በሩ ሲከፈት ነው። ብርሃኑ ገባ፤ ጠባቂው በሩ ላይ ቆመ። ማንም አንዲት ቃል ሳይናገር ኦቦ ዋቅወያ፣ በዚህ መንገድ ሲመላለሱ እንደለመዱት፣ ግራ ክንዳቸውን ከፋሻው ውስጥ ፈልቅቀው አወጡና ሁለቱንም እጆቻቸውን ከጭንቅላታቸው በላይ አነሡ።

«ኦቦ ዋቅወያ!»

«ኧረ አያስፈልግም አባባ፣ ያውርዱ» አለ ጠባቂው አፍሮ። በሩን በቀስታ ዘጋው።

እጃቸውን ራሷ አወረደችው፣ ራሷ አሰረችው። ወይዘሮ ሸዋጌጥ በላዩ ሌላ ቋጠሮ ጨመሩበት። መስተዋቱ ላይ ተራራዎቹ አሉ። አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። መኪናው ተነሣ። አሁንም አሉ።

«ረሳሁት እኮ» አሉ ኦቦ ዋቅወያ። «እጄ ነው የረሳው።»

አዜብ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ማሽኑን ማየት አልበቃትም።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ዋቅወያ?»

«ፈያ ነኝ።»

«ልጆቹስ? ጊምቢ ያለችው ልጅዎ ወለደች አሉ?»

«ወለደች! ወንድ። አባቱን የሚመስል፣ ጆሮው ትልልቅ።»

«በሬዎቹስ?»

«አሉ። አንዱ ያነክሳል፤ ባቻ ያየዋል።» የታሰረ ክንዳቸውን አዩት።

«የዘንድሮው በቆሎስ?»

«እሱማ ዝንጀሮ በላው።»

«አሁንስ እንዴት ነዎት?»

ኦቦ ዋቅወያ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን የባሕር ዛፍ ረድፍ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው ከቀኝ ጎድናቸው ሥር አሳረፉ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፣ «ያ ነገር ተመልሶ መጥቷል። አሁን በዚህ በኩል ነው የሚራገጥ።»

አዜብ መዳፏን እጃቸው ላይ አደረገች። ከሥሩ ዓሣው ተወናጨፈ። በቀኝ በኩል። በቀኝም እንደ ግራው ያለ ነርቭ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ሽቦ ተነቅሎ መውጣት ጀምሯል። ቀና ስትል ከተራራዎቹ መካከል አንዱ ጠፍቶ ነበር። አንድ መጣ። ሁለት ጠፉ።

«አቁም ልበል?» አለ ጉደታ፣ በኋላ ማያ መስታወቱ ውስጥ ፊቷን አይቶ።

«አታቁም! ንዳ!»

የኦቦ ዋቅወያ ዓይኖች ወደ ላይ ዞሩ። አዜብ የውጩን ማሽን ከፈተችው። የመጀመሪያው ምት ሰፊ ትከሻቸውን ከአልጋው ላይ አነሣው። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ጮሁ። ሁለተኛው ምት። ኃይሉን ጨመረች። ሦስተኛው። አራተኛው። ጣቷን ብሽሽታቸው ላይ ቀበረች፤ ምንም የለም፤ እንደገና ጨመረች፤ ያኔ ከሩቅ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚመጣ ነገር፣ አንድ የደም ምት ጣቷን ነካት። ሌላ ተከተለው።

ሰውነታቸው በየምቱ ይዘላል። ደረታቸው፣ አንገታቸው፣ የታሰረው ክንዳቸው፣ ሁሉም አብሮ ይራገጣል። ከአኖ ወዲያ ባኮ አለ፤ ከባኮ ወዲያ ገና የጌዶ ዳገት፣ ከጌዶ ወዲያ አምቦ። የማሽኑ ባትሪ ምልክት ሙሉ ነው፤ ሙሉ ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ ግን አዜብ ታውቃለች። ፀሐይ ከኋላቸው ወደ ነቀምቴ ኮረብታዎች አዘንብላለች።

የኦቦ ዋቅወያ ዓይኖች ተመለሱ። በመጀመሪያ ጣሪያውን፣ ከዚያ ሚስታቸውን፣ ከዚያ እሷን ፈለጉ። አዜብ ጎንበስ ብላ አንዴ ብቻ ጠየቀቻቸው። ለልጅ ልጅ፣ ለበሬ፣ ለበቆሎ ጊዜ አልነበራትም።

«እንዴት ነዎት?»

«ያማል» አሉ፤ በሁለት ምቶች መካከል፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ኢንተላ ኮ፣ በጣም ያማል።»

«እሺ» አለች አዜብ፣ ጣቷን ከደም ሥራቸው ሳታነሣ። «እሺ፣ ኦቦ። እንደዚህ ይንገሩኝ።»